ባለ ሁለት ዓይኑ መለኪያና ሰባተኛው ጥይት

ሰባተኛው ጥይት በእርግጥ ከሌሎቹ ፈጥኖ ነበር? ወይስ ደመናው ነው መለኪያችንን ያሳሳተው? ይህን ለራሴ መጠየቅ ከጀመርኩ ሠላሳ ዓመት ሊሞላ ነው። መልሱን አላውቀውም። ከእንግዲህም የማውቀው አይመስለኝም።

ባለፈው ሰኔ ጡረታ ወጣሁ። የመጨረሻዎቹን ዓመታት የሠራሁት የሱቅና የወፍጮ ቤት ሚዛን በሚያስተካክል አንድ ትንሽ የግል ድርጅት ውስጥ ነው። በሽኝቱ ዕለት ባልደረቦቼ፣ "እትዬ አስካለ አንድ ቁጥር ሁለቴ ሳትለካ አልፋ አታውቅም" ብለው አመሰገኑኝና አጨበጨቡ። አንገቴን ደፋሁ። ከጭምትነቴ የተነሣ መሰላቸው። እኔ ግን ሁለቴ ሳልለካት ያለፍኳትን አንዲት ቁጥር ነበር የማስበው። ያችም ቁጥር ከሚዛኑ ሥራ በፊት፣ ከሁሉ አብልጬ ከምወደው የሥራ ዘመኔ የመጣች ናት።

ያ ዘመን ያለፈው መካኒሳ ነው፤ ከአቦ ቤተ ክርስቲያን ቁልቁል ሲወርዱ በባሕር ዛፍ የታጠረ ሰፊ ግቢ ውስጥ። ጊዜው በሰማንያዎቹ አጋማሽ ነበር። ግቢው ከውጭ ለሚመጡ አዳኞች ጉዞ የሚያዘጋጅ ድርጅት መጋዘን ነው። ድንኳኑ፣ ጀሪካኑ፣ ጎማው፣ ባለቤት ያጣው ቀንድ ሁሉ እዚያ ይከማቻል። እኔ የተቀጠርኩት ለጽዳት ነው። ፊደል የቆጠርኩት በአሥራ ሰባት ዓመቴ በመሠረተ ትምህርት ነበር፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን በማታ ስጨርስ ሠላሳ ሊሞላኝ ጥቂት ነው የቀረኝ። ዘግይቶ የተማረ ሰው ያገኘውን ሁሉ ያነባል። እኔ የሳሙና መጠቅለያ እንኳ ሳላነብ አልጥልም ነበር።

ጋሽ ሙላት ያገኙኝም ሳነብ ነው። ጋሽ ሙላት በጦሩ ውስጥ ጠበንጃ ሲጠግኑ ያረጁ ሰው ነበሩ፤ በመጋዘኑ ጓሮ ያለችው ቁልፍ የማይለያት ክፍል የእሳቸው ናት። አንድ ቀን መደርደሪያ ስወለውል የባሩድ ቆርቆሮ ላይ ያለውን ጽሑፍ እያነበብኩ ሳለ ከኋላዬ መጥተው ቆሙ።

"ምን ይላል?"

"ከእሳትና ከፀሐይ አርቁ ይላል" አልኩ ደንግጬ።

"እሱንማ አውቀዋለሁ። ከሥር ያለውን ደቃቁን ነው።"

"ከሌላ ባሩድ ጋር አትቀላቅሉ ይላል።"

"እዚህ ክፍል የገባ ሁሉ ትልቁን ጽሑፍ ብቻ አንብቦ ነው የሚወጣው" አሉ። በሳምንቱ መጥረጊያዬን አስረክቤ ከእሳቸው ጋር ጠረጴዛ ተጋራሁ። ደመወዜ ላይ ትንሽ ተጨመረልኝ፤ የሥራ መደቤ ግን በወረቀት ላይ እስከ መጨረሻው "ጽዳት" እንደተባለ ቀረ።

ሥራው እንዲህ ነው። ጥይት ሲተኮስ አረሩ ይሄዳል፤ የናሱ ቀለህ ግን ይቀራል። አዲስ ጥይት ከውጭ ለማስገባት ወራት ይፈጅ ስለነበር ድርጅቱ ቀለሁን መልሶ ለመሙላት ፈቃድ አውጥቶ ነበር። ቀለሁ ይታጠባል፣ የሰፋው ወደ ልኩ ይመለሳል፣ ከሥሩ ባሩዱን የሚያቀጣጥል አዲስ ካፕሱል ይገባለታል፣ ባሩድ ይጨመርበታል፣ በአፉ ላይ አዲስ አረር ይተከላል። ሲያወሩት ቀላል ነው። ባሩዱ ቢያንስ አረሩ ከዒላማው ዝቅ ብሎ ይመታል። ቢበዛ ደግሞ ጠበንጃው ወደ ተኳሹ ይዞራል።

ጋሽ ሙላት ባሩድ ተከፍቶ አያወሩም ነበር። አንድ ጊዜ ሥራ አስኪያጁ አቶ ጌታሁን በሩ ላይ ቆመው ሦስት ጊዜ ቢጠሯቸው ቀና እንኳ አላሉም። የያዙትን ሞልተው፣ ቆርቆሮውን ከድነው፣ እጃቸውን በጨርቅ ጠርገው ሲያበቁ ነው "አቤት ጌታዬ" ያሉት፤ ጌታዬም ሄደው ነበር። ጠረጴዛው ላይ ከአንድ የባሩድ ቆርቆሮ በላይ አይቀመጥም። እያንዳንዱ ቀለህ ከመሞላቱ በፊት ወደ ጆሯቸው ተጠግቶ በጥፍራቸው ይመታል። ጤነኛው እንደ ቃጭል ይጮኻል፤ ለዓይን የማይታይ ስንጥቅ ያለበት ደግሞ እንደ ደረቅ ሸክላ ድምፁ ይሞታል። "ዓይንሽን ጨፍኚ" ይሉኝና አንዱን ከሌላው እንድለይ ያደርጉኝ ነበር። አምስት ወር ሙሉ ተሳሳትኩ። በስድስተኛው ወር ለየሁ። ከምሳቸው ግማሹን ቆርሰው ሰጡኝ።

ደብተራቸውን ደግሞ መቼም አልረሳውም። አዲስ ደብተር ሲመጣ ገና አንድ ፊደል ሳይጻፍበት እያንዳንዱን ቅጠል በእጃቸው ቁጥር ይሰጡታል። መቅደድ ብሎ ነገር የለም። መፋቅ የለም። የተሳሳተ ቁጥር በላዩ አንዲት ቀጭን መስመር ይሰመርበትና ትክክለኛው ጎኑ ይጻፋል። ምክንያቱን ብጠይቃቸው፣ "የተሰረዘም ይነበብ። ሰው የተሳሳተበትን ቦታ ካጠፋው ዳግም በዚያው መንገድ ሲመጣ በምን ያውቃል?" አሉኝ።

ሦስተኛው ሰው ከድር ነበር። የስልጤ ልጅ ነው፤ ሹፌር፣ የአዳኞች መሪ፣ የሞላነውን ጥይት የሚሞክርልን ተኳሽም እሱ። በረሃ ሲወርድም የሚይዘው ጠበንጃ የሚጎርሰው የእኛኑ ጥይት ነው። "ከድር በሦስት መቶ እርምጃ ላይ ያለችን ዋኔ ወንድ ትሁን ሴት ይለያል" ተብሎ ይወራለት ነበር። ወሬውን የሚያወራው ራሱ ነው።

አንድ ቀን አቶ ጌታሁን ሁለት በራሪ ጽሑፍ ይዘው ጓሮ መጡ። ለወትሮው የጥይታችንን ፍጥነት የምናውቀው በግምት ነበር፤ ከድር ሩቅ ዒላማ ላይ ይተኩስና አረሩ ምን ያህል እንደወረደ እናያለን።

"ደንበኞቻችን ግምት አይበቃንም እያሉ ነው" አሉ አቶ ጌታሁን። "ከነዚህ ከሁለቱ አንዱን እንገዛለን። አስካለ፣ እንግሊዝኛው ያንቺ ነው። አንብቢና የቱ እንደሚሻል ንገሪኝ።"

እሳቸው ከወጡ በኋላ ወረቀቶቹን እያየሁ ለጥቂት ጊዜ ተቀመጥኩ። በሕይወቴ የትኛው ይሻላል ተብዬ ስጠየቅ ያ የመጀመሪያዬ ነው።

ሁለቱም ክሮኖግራፍ ይባላሉ፤ የጥይት ፍጥነት መለኪያ ማለት ነው። አሠራራቸው ዛሬም ይገርመኛል። አንድ ዘንግ ላይ ሰማይ ሰማይ የሚያዩ ትንንሽ የመስተዋት ዓይኖች ተተክለዋል። ጥይቱ በላያቸው ሲያልፍ ጥላው ያርፍባቸዋል። የፊተኛው ዓይን ጥላውን ሲያይ ሰዓት ያስነሣል፤ የኋለኛው ሲያይ ያቆማል። በመካከላቸው ያለው ርቀት ይታወቃል፣ ጊዜው ይታወቃል፤ የቀረው ማካፈል ነው፤ ጥይቱ በሴኮንድ ስንት ጫማ እንደሄደ ይወጣል።

ሦስት ሳምንት በምሳ ሰዓት ከመዝገበ ቃላት ጋር ቆየሁ። አንደኛው ባለ ሁለት ዓይን ነው፤ ቀላል፣ ተጣጥፎ ሣጥን ውስጥ የሚገባ፣ ከየትም ሱቅ በሚገዛ ባትሪ የሚሠራ። ቁጥሩን በትንሽ መስኮት ያሳያል፤ የሚጽፈው ሰው ነው። ሁለተኛው ባለ ሦስት ዓይን ሲሆን ረጅምና ከባድ ነው። መሐል ላይ ያለችው ሦስተኛዋ ዓይን ያንኑ ጥይት በዚያው ቅጽበት እንደገና ትለካለች። ሁለቱ ልኬቶች ከተስማሙ ቁጥሩ ይታመናል። ካልተስማሙ አንዷ ዓይን ተሳስታለች ማለት ነው፤ ብርሃን ይሆናል፣ የአፈሙዝ ንፋስ ይሆናል። ሁለቱንም ቁጥር ራሱ በወረቀት ጥቅልል ላይ እያተመ ያወጣል።

በካሬ ወረቀት ላይ ሠንጠረዥ ሠራሁ። በዓይኖቹ መካከል ያለው ርቀት፣ ክብደቱ፣ ባትሪው፣ ከአፈሙዝ ስንት እርምጃ መራቅ እንዳለበት፣ በጠራራ ፀሐይና በደመና ጠባዩ። የወረቀት ጥቅልሉን ልፈልግ መርካቶን ዞርኩ፤ ፒያሳ ወጣሁ። የለም። ለጋሽ ሙላት ሠንጠረዡን ሳሳያቸው መነጽራቸውን አድርገው እስከ ታች አነበቡት።

"ሽምግልና ስንት ሰው ይላካል?" አሉኝ።

"ሦስት።"

"ሁለት ለምን አይበቃም?"

"ሁለቱ ካልተስማሙ የሚለይ ይጠፋላ።"

"እንግዲህ ራስሽ መለስሽው።"

"ጋሼ፣ ሽማግሌ ይዋሻል። መሣሪያ አይዋሽም።"

"አይዋሽም" አሉ። "ይሳሳታል።"

"ጥቅልሉንስ ከየት እናመጣለን? ያለቀ ቀን መሣሪያው ቆሞ ይቀራል። ባለ ሁለት ዓይኑ ይሁንና እኔ በጥንቃቄ እጽፋለሁ።"

ሠንጠረዡን መለሱልኝ። "ያነበብሽው አንቺ ነሽ" አሉ፤ ከዚያ በኋላ ነገሩን አላነሡትም።

የጥቅልሉ ነገር እውነት ነበር። ለአቶ ጌታሁንም የነገርኳቸው እሱኑ ነው፤ ወዲያው ተስማሙ። ያልነገርኳቸው ሌላ ነገር ግን ነበር። በስንት ልፋት የተማርኩትን ጽሕፈት አንድ ማሽን ቀድሞኝ እንዲጽፍ አልፈለግሁም። ያ ደብተር በእኔ እጅ ሲጻፍ ደስ ይለኝ ነበር።

መለኪያው በመጣ ጊዜ የተሰማኝን ደስታ እስከ ዛሬ አስታውሰዋለሁ። የምንሞክረው ከላፍቶ አልፎ ወደ ፉሪ መውጫ ባለ የድንጋይ ማውጫ ጉድጓድ ውስጥ ነው። ያኔ አካባቢው ሜዳ ነበር፤ ዛሬ ፎቅ የቆመበትን ሁሉ ምስር ሲበቅልበት አይቻለሁ። የቀበሌ ደብዳቤ ነበረን፤ የሚፈቀድልን ግን ድንጋይ ፈላጮቹ ለምሳ ሲወጡ፣ ከስድስት እስከ ሰባት ሰዓት ብቻ ነው። ፀሐይ አናት ላይ ስለምትሆን ከዓይኖቹ በላይ ነጭ የፕላስቲክ ጥላ የሚሸከሙ ረዣዥም ሽቦዎች እንተክላለን።

ከድር መጀመሪያ ያየው ቀን ዞር ዞር ብሎ ተመለከተና፣ "ይቺ ፍየል ናት" አለ። "እግርም ቀንድም አላት። በቀንዶቿ መሐል ነው የምተኩሰው?"

"በቀንዶቿ መሐል፤ ከዓይኖቿ አንድ ስንዝር ከፍ አድርገህ" አልኩት።

"ብስታትስ?"

"በደመወዝህ ትከፍላታለህ" አሉ ጋሽ ሙላት።

በሁለተኛው ወር አንዱን ሽቦ ገመሰው። ጠበንጃውን አስቀምጦ እየሮጠ ሄደና፣ "አስኩ፣ ሳልባርክ ቀንዷን ቆረጥኩት፤ ሥጋዋ አይበላም" እያለ ይዞት መጣ። ጋሽ ሙላት ሲስቁ ያየሁት ያን ቀን ነው። ሽቦውን በጃንጥላ ዘንግ ተኩልን፤ እስከ መጨረሻው በዚያው ሠራ።

አንድ ዓመት ከመንፈቅ እንዲህ አለፈ። ከድር ይተኩሳል፤ "ስንት አለች ፍየሏ?" ይላል፤ እኔ ቁጥሩን ጮክ ብዬ አነብና እጽፋለሁ። ጋሽ ሙላት ትኩስ ቀለሁን ከመሬት ያነሡና ገና ሳይበርድ በጥፍራቸው መታ ያደርጉታል። የቀኑን የመጀመሪያ ጥይት አንቆጥርም፤ በርሜሉ ገና ቀዝቃዛ ስለሆነ ጋሽ ሙላት "የእንግዳ ማረፊያ" ይሉታል። ቁጥሮቹ እርስ በርሳቸው ሲቀራረቡ የማገኘው ደስታ ምን እንደሚመስል ላላየው ሰው መናገር ይከብደኛል። እንደ ተስማማ ዝማሬ ነው።

ከዚያ መጋቢት መጣ። የጋሽ ሙላት እህት መንዝ ውስጥ ዐርፈው ነበር፤ ለአርባቸው ሄዱ። ሲወጡ ከበሩ ተመለሱና፣ "እያንዳንዱን መዝኚ" አሉኝ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ይመጣሉ የተባሉ እንግዶች ቀድመው መጡ። ሐሙስ ወደ ቆላ ይወርዳሉ፤ ለከድርም ለመጠባበቂያም ስልሳ ጥይት ይፈለጋል። ስልሳውን አንድ በአንድ በሚዛን መመዘን ከአንድ ቀን በላይ ይወስዳል። መስፈሪያ ነበረን፤ ከላይ ባሩድ ይሞላበትና እጀታው በዞረ ቁጥር እኩል እኩል የሚያወርድ። ጋሽ ሙላት አይወዱትም። ባሩዱ አንዳንዴ ጉሮሮው ላይ ይታነቅና አንዱን ቀለህ ያጎድላል፤ የተረፈው ቀጥሎ ባለው ላይ ይወርዳል ይሉ ነበር። እኔ ሲታነቅ አይቼው አላውቅም። በመስፈሪያው ሰፈርኩ፤ ከየአሥሩ አንዱን መዘንኩ። በመስፈሪያው ስፈሪ ብሎ ያዘዘኝ የለም። ይህን አቶ ጌታሁን ላይ አላላክክም።

ረቡዕ እኔና ከድር ብቻችንን ጉድጓዱ ወረድን። የእንግዳ ማረፊያውን ተኩሶ አሥር ጥይት ሞከርን። አምስቱ ደስ የሚል ቁጥር ሰጡ። ስድስተኛው ትንሽ ዝቅ አለ፤ የሚያስደነግጥ ግን አይደለም። ሰባተኛውን ተኮሰ።

"ስንት አለች ፍየሏ?"

መስኮቷን ሁለቴ አየሁ። "ሁለት ሺህ ሰባት መቶ ዘጠና አንድ።" ከሌሎቹ መቶ አርባ ያህል ይበልጣል።

"በጾም ሥጋ በላች እንዴ?" አለ ከድር።

ቀና አልኩ። አንድ ጥቁር የበልግ ደመና በዚያች ቅጽበት ፀሐይዋን ሸፍኗት ነበር። "ደመናው ነው" አልኩ።

"ደመናው ከሆነ ደመናው ነው። አንቺ ነሽ የምታውቂያት።"

ቀሪዎቹ ሦስቱ ደህና ሆኑ። ፈላጮቹ ከምሳ መመለስ ጀምረው ነበር። ለአንዱ ባሩድ በዝቶበት ከሆነ ከቀሩትም የበዛበት ይኖራል፤ ሌላ አሥር መተኮስ ነበረብኝ፤ ለነገ ፈቃድ ጠይቄ ሰማዩ በጠራበት መተኮስ ነበረብኝ። ዕቃችንን ሰብስበን ወጣን።

ከሰዓት በኋላ አቶ ጌታሁን ለእንግዶቹ የሚታይ ንጹሕ ገጽ ጠየቁኝ። የጻፍኩት ቅጠል አቧራ ነክቶታል፤ ከሰባተኛው ቁጥር ጎን "ደመና" የሚል አለ፤ ዳር ላይ የከድር የጣት አሻራ አለ። በሚቀጥለው ቅጠል ላይ በጥሩ ጽሕፈት ገለበጥኩት። ሰባተኛውን ተውኩት። ዘጠኙ ቁጥሮች ሲደረደሩ እንዴት ያምሩ እንደነበር! ከዚያ በሥራ ዘመኔ አንድም ጊዜ ያላደረግሁትን አደረግሁ፤ የቆሸሸውን ቅጠል ቀደድኩት። መጣል ግን አልሆነልኝም፤ መዝገበ ቃላቴ ውስጥ አስገባሁት።

ቅዳሜ ዕለት በሬዲዮ መልእክት መጣ። እንግዳው ያቆሰላትን ሳላ ለመጨረስ ከድር ሲተኩስ የቀለሁ ታች ተቀዶ እሳቱና የናሱ ስብርባሪ ወደ ኋላ ወጥቷል። ቀኝ ዓይኑ ጠፋ። ሆስፒታል ስደርስ ፊቱ ሁሉ ታሽጎ ነበር። በኮቴዬ አወቀኝ መሰለኝ።

"አስኩ ነሽ?"

"አዎ።"

"ፍየሏ ደህና ናት?"

የዚያን ቀን መናገር እችል ነበር።

ጋሽ ሙላት ማክሰኞ ተመለሱ። ልብሳቸውን ሳይቀይሩ፣ ነጠላቸው እንደተዘቀዘቀ ጓሮው ክፍል ገቡና ደብተሩን ገለጡ። ቅጠል ስልሳ አንድ። ስልሳ ሦስት። ጣታቸውን ሁለቱ መሐል አቆዩት።

"የእንግዳ ማረፊያውን ሳንቆጥር ስንት ተኮሳችሁ?"

"ዘጠኝ" አልኩ።

ከጉድጓዱ ያመጣኋቸው ቀለሆች ያልታጠቡ ሳሕኑ ላይ ነበሩ። ለብቻዋ የምትቀመጠውን የእንግዳ ማረፊያዋን ቀለህ ወደ ጎን አደረጉና ሌሎቹን አንድ በአንድ እያነሡ ወደ ጆሯቸው አስጠግተው በጥፍራቸው መቱ። አሥር ጊዜ ጮኸ። አሥሩን በረድፍ አቆሙና ተቀመጡ። ባሩድ አልተከፈተም፤ ግን አላወሩም። ይጠብቁኝ እንደነበር ያን ጊዜም አውቄዋለሁ። እኔ መስኮቱን አየሁ።

ሪፖርቱ "ቀለሁ በማርጀቱ" ይላል። ቀለህ የሚመርጡት ጋሽ ሙላት ናቸው። አቶ ጌታሁን ወረቀቱን ሲያቀርቡላቸው፣ "ጆሮዬ ይሆናል። ሰው ያረጃል" ብለው ፈረሙ። በወሩ ሥራ ለቀቁ። ቁልፉን ለኔ ሰጡኝ፤ አዲስ ደብተርም አብሮ፤ ቅጠሎቹ እስከ መጨረሻው በእጃቸው ተቆጥረው። ስንት ቀን እንደፈጀባቸው እንጃ።

ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን መዘንኩ። ሁለቴ ለካሁ። ድርጅቱ ሲዘጋ ወደ ሚዛን ሥራ የገባሁትም በዚህ ጠባዬ ነው። ጋሽ ሙላት ከአራት ዓመት በኋላ ዐረፉ፤ የተቀበሩት አቦ ነው። በቀብሩ ዕለት ዓይኔ ከድርን ሲፈልግ ዋለ። አልመጣም።

ከድር ዛሬ ሀይሌ ጋርመንት በሚባለው ሰፈር የሕንፃ ዕቃ ሱቅ ከፍቷል፤ ሚስማር፣ ቀለም፣ ማጠፊያ፣ ቁልፍ። ሱቁን ካወቅሁ ጀምሮ በየሁለት በየሦስት ወሩ እነግረዋለሁ ብዬ እሄዳለሁ። ገብቼ ሰላም እለዋለሁ። "ምን ልስጥሽ?" ይለኛል። "ሩብ ኪሎ ሚስማር" እላለሁ። ብቻዬን የምኖር ሴት ነኝ፤ ግድግዳዬ ላይ ያለው የቀን መቁጠሪያ ብቻ ነው።

ጡረታ በወጣሁ በወሩ መጻሕፍቴን ሳስተካክል መዝገበ ቃላቱን ገለጥኩ። ቅጠሉ ነበረ፤ የከድር የጣት አሻራም ዳሩ ላይ ነበረ። በቦርሳዬ ይዤው ታክሲ ተሳፈርኩ።

ሱቁ ውስጥ ሌላ ሰው አልነበረም። ከድር ገና ሳልናገር ሚስማሩን ሚዛኑ ላይ መጨመር ጀመረ። "ሩብ ኪሎ፣ እንደ ወትሮው?"

"ከድር፣ የምነግርህ ነገር አለኝ።"

"ንገሪኛ። እጄ ነው ሥራ የያዘው፤ ጆሮዬ ነጻ ነው።"

ቅጠሉን ባንኮኒው ላይ ዘረጋሁት። አንሥቶ ወደ ግራ ዓይኑ አስጠጋው። "የማን ጽሑፍ ነው? ደቃቅ ነው፤ አንብቢልኝ።"

አሥሩን ቁጥሮች አነበብኩለት። ሰባተኛውን ሁለቴ አነበብኩት። ከዚያ መስፈሪያውን፣ ደመናውን፣ የቀደድኩትን፣ "ዘጠኝ" ያልኩትን፣ በረድፍ የቆሙትን አሥር ቀለሆች፣ ሁሉንም ነገርኩት። ሳላቋርጥ ስለተናገርኩ ለራሴም ገረመኝ። እሱ ቆሞ ሰማኝ።

"ያኔ እኔ ምን አልኩ?" አለ መጨረሻ ላይ።

"በጾም ሥጋ በላች እንዴ አልክ።"

ፈገግ ሊል ነበር፤ ተወው። "እና እሱ ነው ዓይኔን የወሰደው?"

"አላውቅም። ደመናው አሳስቶን ይሆናል፤ ቀለሁም አርጅቶ ይሆናል። ባለ ሦስት ዓይኑን መርጬ ቢሆን አውቅ ነበር። ጋሽ ሙላት ባለ ሦስት ዓይኑን ነበር የፈለጉት።"

"ጋሽ ሙላት አውቀዋል?"

"ቀለሆቹን ቆጥረዋል።"

ቅጠሉን ባንኮኒው ላይ መልሶ በመዳፉ ዳበሰው። "እኔ እኮ" አለ፤ "ሽማግሌው ጆሮው ደንቁሮ ዓይኔን አጠፋው እያልኩ ነው የኖርኩት። ለልጆቼ እንዲህ ነው የነገርኳቸው። ቀብራቸውም አልሄድኩም።"

"አውቃለሁ።"

"አላውቅም ነው የምትይው፤ እሺ፣ አታውቂም። እኔ ግን አውቃለሁ ብዬ ነው ሠላሳ ዓመት ያማኋቸው።"

ከዚያ ሚዛኑ ላይ ያለውን ሚስማር አየ፤ እኔን አየ።

"ያ ሁሉ ሚስማር ለዚህ ነው?"

"ለዚህ ነው።"

"ምን አደረግሽው?"

"ቤት አለ። በወተት ቆርቆሮ።"

"ዝጓላ።"

"አልዛገም። ዘይት እቀባዋለሁ።"

"አንቺ ደግሞ" አለ ራሱን እየነቀነቀ። የመዘነውን ሚስማር ወደ ሣጥኑ ገለበጠው። ኮቱን ከግድግዳው ሚስማር አወረደና ለበሰ፤ ቅጠሉን አጥፎ በእጄ አስያዘኝ። ወጥተን መዝጊያውን ወደ ታች ሲስብ አንድ ቀለም ሊገዛ የመጣ ሰው ደረሰ።

"ጋሽ ከድር፣ በዚህ ሰዓት ትዘጋለህ?"

"ለቅሶ ልደርስ ነው" አለው ከድር ጎንበስ ብሎ እየቆለፈ።

"ማን ሞተ?"

"አብረን የሠራን ሰው። ዛሬ ነው የሰማሁት።"